መርዶ ይዤ አማን የሄድኩበት ሰኔ

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ በሰኔ ወር፣ ወደ ዮርዳኖስ ዋና ከተማ ወደ አማን ስጓዝ ሁለት ጉዳይ ይዤ ነበር። አንዱ በግብዣ ወረቀቴ ላይ ተጽፏል። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ገና መጀመሬ ቢሆንም፣ አስተማሪዬ በአጥቢ እንስሳት ሽል ውስጥ ስለሚጓዙ የዘር ህዋሶች ለሚሰጥ የሁለት ሳምንት የላቦራቶሪ ሥልጠና አጭተውኝ ነበር። ሁለተኛው ጉዳይ የትም አልተጻፈም። እናታችን ከጥምቀት በኋላ አርፋለች። አማን ውስጥ ዳቡቅ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ የሺ ግን አልሰማችም። እንድነግራት የተላክሁት እኔ ነበርኩ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። «ብቻዋን ወድቃ ብትቀርስ?» አለች አክስቴ እትዬ አልማዝ፤ የሰፈሩም ሽማግሌዎች በዚሁ ተስማሙ። ስለዚህ የሺ በየዓርቡ ስትደውል የሆነ ነገር እንላታለን። እማዬ ጠበል ሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን ናት። አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት። ሚያዝያ ላይ ሰበቡ ሲያልቅብን «ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል» አልናት። የሺ ከዚያ ማዶ «ማር በሎሚ ስጧት» አለች። በሚቀጥለው ዓርብ «ሰጣችኋት?» ብላ ጠየቀች። «ሰጠናት» አልን።

ቦሌ ስንደርስ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጥቁር ልብሴን አወለቅሁና አክስቴ የገዛችልኝን ቢጫ ሹራብ ለበስኩ። ጥቁሩን አጣጥፋ ከሻንጣዬ ሥር ከተተችው።

«ትጊ፣ ብቻሽን እንዳትነግሪያት» አለችኝ አክስቴ። «ሰው ይክበባት። ጠዋት ይሁን። አንቺም ቀድመሽ እንዳታለቅሺ፤ አንቺ ነሽ የምትይዣት።»

«እሺ» አልኳት። እኔ ለሰው ሁሉ እሺ ማለት አይከብደኝም።

መንገዱ

ካይሮ ላይ አውሮፕላን ስንቀይር ከአዲስ አበባ የተነሳን ሴቶች ብዙ ነበርን። አብዛኞቹ ከእኔ ያነሱ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ማኅደር ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። አማን ስንደርስ በአንድ በኩል ተሰለፉ፤ እኔም ከኋላቸው ተሰለፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሲዞሩ ዞርኩ፣ ሲቀመጡ ተቀመጥኩ። አሠሪዎች እየመጡ ስም እየተጠራ አንድ በአንድ ይሄዳሉ።

«አንቺን የሚወስድሽ ማነው?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ጠይም ልጅ።

«ዩኒቨርሲቲ።»

«ጎሽ! እሱ ስንት ልጅ አለው? ብዙ ካለው ልብስ አጠባው ይገልሻል» ብላ ሳቀችብኝ። ስሟ ሲጠራ ግን ሳቋ ወዲያው ጠፋ። በቆመችበት እጄን ጨብጣኝ ሄደች። ያን ጊዜ ነው ተነስቼ የግብዣ ወረቀቴን ያሳየሁት። ወረቀቱን ያየው ሰው «ዶክቶራ!» ብሎ ፈገግ እያለ በሌላው በር አሳለፈኝ።

ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ ደረቅ ሜዳ ያቋርጣል። ከመንገዱ ዳር ፍየል ጠባቂዎች የተከሉት ጥቁር ድንኳን፣ ቀጥሎ በክምር የሚሸጥ ሐብሐብ ይታያል። ከዚያ ኮረብቶቹ ይመጣሉ። ቤቶቹ ሁሉ ከአንድ ዓይነት ነጭ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ በየጣሪያው ላይ የውሃ በርሜል ተደርድሯል። ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ስለሆነ ሰዉ አጠራቅሞ ይጠቀማል። የመኪናው ሾፌር ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና በመስኮቱ ወደ ምዕራብ ጠቆመኝ፤ «ዳቡቅ፣ ዴር ግባር፣ ሐበሻ ብዙ» አለ። ወደ ጠቆመበት አየሁ። ከሩቅ ዛፍና ከፍ ያለ አጥር ብቻ ነው የሚታየው።

ላቦራቶሪው

ሥልጠናው በከተማዋ ሰሜን በኩል ባለ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። የምታሠለጥነን ዶክተር ሪማ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሜረሚያ የሚሉት መዓዛማ ቅጠል የገባበት ሻይ ቀኑን ሙሉ የምትጠጣ ሴት ናት።

ትምህርቱን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ቀን እንቁላል ወይም የወንድ ዘር የሚሆኑት ህዋሶች የሚፈጠሩት በኋላ በሚኖሩበት ቦታ አይደለም። ከሽሉ ጭራ በኩል፣ አስኳል ከረጢት ከሚባለው ግርጌ አጠገብ ይጀምራሉ። ከዚያ ገና እየተሠራ ወዳለው የኋላ አንጀት ይገባሉ፤ ከአንጀቱ ይወጡና ግራና ቀኝ ተከፍለው የዘር ዕጢ ወደሚሆኑት ሁለት ሸንተረሮች ያመራሉ። ሁሉም አይደርሱም።

እኛ የምንሠራው በአይጥ ሽል ነበር። ሽሉ ከምስር ፍሬ ብዙ አይበልጥም። በሚንቀጠቀጥ ምላጭ ስስ አድርገን እንቆርጠዋለን፣ ሞቅ ባለ ሳጥን ውስጥ በምግቡ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ በየጊዜው ፎቶ እናነሳለን። የዘር ህዋሶቹ አረንጓዴ ብርሃን እንዲሰጡ ተደርገዋል። ፎቶዎቹ ሲያያዙ ፊልም ይሆናሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቸው ደነገጥኩ። አንዱ ትንሽ ክንድ የመሰለ ነገር ይዘረጋል፣ ይዳብሳል፣ ይመልሳል፣ በሌላ በኩል ይዘረጋል፤ ከዚያ ይሄዳል።

ያየሁትን ጽፌ ለዶክተር ሪማ አስረከብኩ። ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ሥር አሰመረችበት።

«‹ህዋሶቹ የሚሄዱበትን ያውቃሉ› ብለሻል። ማን ነገረሽ?»

«ሲሄዱ አይቼ ነው።»

«አያውቁም» አለች። «ከጎናቸው ያሉት ህዋሶች ናቸው በየእርምጃው የሚነግሯቸው። በጎረቤቶቻቸው ላይ ያለው ፕሮቲን ሲነካቸው ይኖራሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ። መንገዱን ሙሉ እንዲህ ነው።»

«ባይነካቸውስ?»

«በሚቀጥለው ሳምንት አንቺው ታሳዪናለሽ።»

የመጀመሪያው ዓርብ

የሺ ዕረፍቷ ዓርብ ከጠዋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ነው። አብደሊ በሚባለው ሰፈር ዓርብ ዓርብ ልባሽ ልብስና ጫማ የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ አለ፤ እዚያ ተቀጣጠርን። ከሩቅ አውቄያት ሮጥኩ። ስታቅፈኝ በረኪና ሸተተችኝ። ስትሄድ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ቁመቴ በልጧታል። እጇን አንስታ ራሴን ዳበሰችኝ።

«ፀጉርሽ የት ሄደ?»

«ላቦራቶሪ ውስጥ ስለማይመች ነው።»

«እንዲህ የሚቆረጠው ሀዘን ላይ ነው። ሁለተኛ እንዳታደርጊው!» ብላ ቆጣ አለችብኝና መልሳ ሳመችኝ።

ጾም ስለሆነ በቂጣ የተጠቀለለ ፈላፍል ገዝታ አበላችኝ። ከዚያ «ለእማዬ ጫማ» አለች። ከአንድ ሽማግሌ ሻጭ ፊት ቁጢጥ ብላ ጫማዎቹን እየገለበጠች ውስጣቸውን በጣቷ ትጫናለች።

«እግሯ አሁንም ያብጣል?»

«አያብጥም» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ፊቷ በራ። «ማር በሎሚውም ጠቅሟታል ማለት ነው። እናንተ ደግሞ ሳልነግራችሁ ምንም አታውቁም።» ሰፋ ያለ፣ ለስላሳ ጥቁር ጫማ መረጠች። ሻጩ ሁለት ዲናር አለ። በዐረብኛ ተከራከሩ፤ እሷ ልትሄድ ትነሳለች፣ እሱ ይጠራታል። በመጨረሻ ሳቀችና ተረጎመችልኝ። «‹በዚህ ዋጋ ለገዛ እናቴም አልሸጥ› ይላል።» ቢሆንም ሸጠላት። ጫማውን በከረጢት እያደረገ አንድ ነገር ጨመረ።

«ምን አለ?»

«‹አላህ ያቆይልሽ› አለ። ጥሩ ሰው ነው።»

እኔ የከረጢቱን አንድ ጆሮ ያዝኩ፣ እሷ ሌላውን፤ እንዲሁ ይዘነው ሄድን።

ጀበል አማን በሚባለው ኮረብታ ላይ የአገራችን ሴቶች ለዕረፍት ቀናቸው በጋራ የተከራዩት አንድ ክፍል አለ። ከሁሉም ታላቋ እትዬ ብዙነሽ ናት፤ አማን ውስጥ ረጅም ዓመት የኖረች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ከአዲስ አበባ ደውለን ጉዳዩን የነገርናት እሷን ብቻ ነበር። የሺ ከሌሎቹ ጋር ስትጫወት እትዬ ብዙነሽ ጣሪያው ላይ ይዛኝ ወጣች። በውሃ በርሜሎቹ መካከል ቆመን ተነጋገርን።

«ዛሬ አይሆንም» አለችኝ።

«እትዬ፣ እኔ አልቻልኩም። ጫማ ገዛችላት።»

«ትችያለሽ። ዛሬ ነግረናት ማታ ዳቡቅ ልትገባ? የሚያቅፋት በሌለበት ቤት? ለማዳሟ እኔ እነግራትና ቅዳሜንም አስፈቅዳለሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ይሆናል።»

«እዚህ ክፍል?»

ራሷን ነቀነቀች። «አምና እዚህ አንዷን ስናረዳ ጎረቤት ፖሊስ ጠራብን። ሰው የታረደ መስሎት። ከዚያ ወዲህ ከተማ ውስጥ አናለቅስም። መኪና ተከራይተን ወደ ዋዲ ሲር እንወርዳለን። ሰው የለም፣ የወይራ ዛፍ ብቻ ነው። ሽርሽር ነው እንላታለን።» ቢጫ ሹራቤን እያየች ጨመረች። «እሱን ልበሺ። ሁላችንም ደማቅ እንለብሳለን።»

ሁለቱ ሳህኖች

በሁለተኛው ሳምንት ዶክተር ሪማ ሁለት ሳህን ሰጠችኝ። በአንደኛው ውስጥ ያለው የሽል ቁራጭ እንዳለ ነው። በሁለተኛው ውስጥ ያን ከጎረቤት የሚመጣ ፕሮቲን የሚሸፍን ነገር ጨምረናል። የሁለተኛውን ፊልም ደጋግሜ አየሁት። ህዋሶቹ አልጠፉም፤ አረንጓዴነታቸው እንዳለ ነው። ክንዳቸውን ትንሽ ይዘረጋሉ፣ ይመልሳሉ፣ ደግመው አይዘረጉም።

«አልሞቱም» አልኳት።

«ገና ነው። መጀመሪያ የሚቀረው መሄዱ ነው። ሞቱ ኋላ ይመጣል።»

«ምልክቱ ቢመለስላቸውስ?»

ዶክተር ሪማ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «በጊዜ ከተመለሰ የሚተርፉ ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም።» ከዚያ ሌላ ነገር አሳየችኝ። የዘር ህዋሶችን ነጥለን በባዶ ሳህን ላይ ብናስቀምጣቸው አይቆዩም። ስለዚህ ከሥራቸው የሌሎች ህዋሶች ምንጣፍ ይነጠፍላቸዋል፤ እሱ ላይ ሲያርፉ ይሰነብታሉ። ምንጣፉን ማንጠፍ የዚያን ቀን ሥራዬ ሆነ። በጥንቃቄ ሠራሁት፤ ዶክተር ሪማም ጎበዝ አለችኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት ያስደስተኝ ነበር።

ሁለተኛው ዓርብ

አማን ውስጥ ቦታ የሚነገረው በአደባባይ ቁጥር ነው። ዱዋር ይሏቸዋል። ነጯ ሚኒባስ ስምንተኛው ዱዋር ላይ ቆማ ነበር። ሾፌሩ አቡ ሰሚር ሽማግሌ ናቸው፤ ሴቶቹን ለሽርሽርም ለመርዶም የሚያመላልሱት እሳቸው ናቸው። ሴቶቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ለብሰዋል። ረቢየህ ሰፈር የምትሠራው ዘይነባ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፋለች።

«እንደ ልጅ አቀፍሽው እኮ!» አለቻት አንዷ።

«ከማዳም ልጅ ይሻላል፣ አይጮህም» አለች ዘይነባ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞራ በዐረብኛ ተናገረች፤ ካሴት ይክፈቱ፣ ዝምታው ያስጠረጥራል። አቡ ሰሚር ከፈቱት። ድምፁ በጣም ጮኸ፤ ቀነሱት፤ በጣም አነሰ።

እኔ በአእምሮዬ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር እደግማለሁ። ከየት እንደምጀምር፣ እጇን መቼ እንደምይዝ፣ ሁሉንም አስቤበታለሁ።

የሺ ፈገግ ብላ መጣች። እንድወስድላት የጫማውን ከረጢት ይዛለች። «ምነው ዛሬ ሁላችሁም ሚዜ መሰላችሁ?» አለች። አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አደረገች። ቀና ብላ ወደ ውስጥ አየች። እዚያው ቆመች።

እትዬ ብዙነሽ ልብሱን አስባለች፣ ካሴቱን አስባለች፣ ሐብሐቡን አስባለች። አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም። ወደ ዋዲ ሲር ለመርዶ ሲወርዱ ከሾፌሩ ኋላ ባለው መቀመጫ መሀሉን ለሀዘንተኛዋ ይተዋሉ፤ ግራና ቀኝ ጠንካሮቹ ይቀመጣሉ፣ እንዳትወድቅ። ያን ቀን ማንም ሳያዝ ሁሉም እንደ ልማዱ ተቀምጧል። ሌላው መቀመጫ ሞልቷል። በእትዬ ብዙነሽና በዘይነባ መካከል አንድ ቦታ ክፍት ነው። ባለፈው መርዶ አሁን ዘይነባ ባለችበት ቦታ ተቀምጣ ሀዘንተኛዋን የያዘችው የሺ ራሷ ነበረች።

«ለማን ነው?» አለች።

ከእሷ በቀር ያልተቀመጠ ሰው አልነበረም። ዓይኗ ከፊት ወደ ፊት እየዘለለ መጥቶ እኔ ላይ፣ ፀጉሬ ላይ ቆመ።

«እማዬ» አለች። አልጠየቀችም።

አቡ ሰሚር ካሴቱን ዘጉት።

ያዘጋጀሁት ንግግር አንዱም አልመጣልኝም። የሺ አልጮኸችም። ከተማ ውስጥ አይለቀስም። ሚኒባሷ ውስጥ ወጣች፣ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠች፣ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አደረገች። «የላ፣ ዐሙ» አለቻቸው ሾፌሩን፤ እንሂድ፣ አጎቴ።

መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከጅረቱ ዳር ሮዝ አበባ ያወጣ ቁጥቋጦ፣ ሮማን፣ በለስ አለ። በሌላ ቀን ቢሆን የሚያምር አገር ነው። የሺ ቀጥታ ወደ ፊት ታያለች።

ከወይራዎቹ ሥር ወረድን። ነጠላ ተነጠፈ። ዘይነባ ደረቷን መታች፣ ሌሎቹም ጮኹ። የሺ በመካከላቸው ቆማ እንደ እንግዳ ታያቸዋለች።

«አልቅሺ እናቴ፣ አልቅሺ» አለቻት እትዬ ብዙነሽ።

«አልመጣ አለኝ» አለች የሺ ቀስ ብላ። «እዚያ ቤት ቧንቧ ከፍቼ ነው የማለቅሰው። እዚህ ቧንቧ የለም።»

ሴቶቹ ጩኸታቸውን አቆሙ። ሁሉም ያ ቧንቧ አለው። እትዬ ብዙነሽ ወደ እኔ ዞረች። ሙሾ ልታወርድ የሟቿን ጠባይ ማወቅ አለባት። «እናታችሁ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አለችኝ።

እንደ ፈተና መልስ ጀመርኩ። «ዝምተኛ ነበረች። መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። ብዙ አትናገርም…»

«ዝምተኛ?» አለች የሺ። «ማን? እማዬ?» ሁላችንም ዞርን። «ሾላ ገበያ ድንች ስትሸጥ ደላላውን በሚዛን ድንጋይ ያባረረችው ሴትዮ? ጎመን ሰረቀኝ ብላ የሰው በሬ የከሰሰችው? በሬውን እኮ ዳኛ ፊት እጎትተዋለሁ ብላ…» አንዷ ሳታስበው ሳቀች። የሺም ልትስቅ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

እትዬ ብዙነሽ ያን ጊዜ ተቀበለቻት፦

«በድምጿ ገበያውን የምታስነሳ፣
ምነው ዛሬ ቀረች ሚዛን ሳታነሳ?»

የሺ ወደቀች። መሬት ሳትደርስ ያዟት። እይዛታለሁ ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ እኔንም ሌላ ሰው ያዘኝ። የማውቃት የታመመችውን እማዬን ነው፤ ያቺን ሌላዋን፣ ጮሃ የምትሸጠውን፣ ያን ቀን ነው ያገኘኋትም ያጣኋትም።

ሲበርድልን የሺ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«መቼ ነው?»

«ከጥምቀት በኋላ።»

በጣቶቿ ወራቱን ወደ ኋላ ሄደችባቸው። «ሚያዝያ ላይ ድምጿ ተዘግቷል አላችሁኝ።»

«አዎ።»

«ማር በሎሚ ስጧት አልኳችሁ።»

«አዎ።»

«‹ሰጠናት› አላችሁኝ።» አልጮኸችም። «አንቺ ነሽ ያልሽኝ፣ ትጊ። ድምፅሽን አውቀዋለሁ።»

ከነጠላው ጫፍ የወይራ ቅጠል ለቀምኩ።

«ለመስከረም ልመጣ ነበር» አለች። «አሁን ማን ጋ ልምጣ?»

«እኔ ጋ» አልኳት።

አየችኝ። ከረጢቱን አንስታ ሰጠችኝ። «ሌላ ሰው ያድርገው። ጫማ ቆሞ አይቅር።»

ቅዳሜን ጀበል አማን ባለው ክፍል ዋልን። ሴቶቹ ፍራሾቹን ገጣጥመው እሷን መሀል አስተኟት፤ የተፈቀደላቸው ቀሩ፣ ያልተፈቀደላቸው ደወሉ። እሑድ ጠዋት ወደ ዳቡቅ ሸኘናት። ማዳሟ ጥቁር ሻሽ እንድታስር ፈቅዳላታለች፤ እንግዳ በሌለ ቀን። በሩ ላይ አቅፋኝ ገባች፤ በሩም ተዘጋ። ጥቂት ቆሜ ጠበቅሁ። የወፍ ድምፅ ብቻ ነበር።

ቤት

ቦሌ ስደርስ ጥቁሬን ለብሼ ነበር። አክስቴ ከሩቅ አይታኝ «ተነገራት?» አለችኝ። «ሰማች» አልኳት። ጫማውን ሰጠኋት። ይጠባታል፤ ቢሆንም ተረከዙን አጥፋ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታደርገዋለች።

ለአስተማሪዬ የሥልጠናውን ዘገባ አቀረብኩ። ሽል አቆራረጡን፣ የሳህኖቹን አዘገጃጀት፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ዶክተር ሪማ ያሰመረችበትንም ዓረፍተ ነገር አረምኩት፦ ህዋሶቹ የሚሄዱበትን አያውቁም፤ በየእርምጃው ከአካባቢያቸው ይሰማሉ። እዚያ ያልጻፍኩትን እዚህ ልጻፈው። እኛ እህታችንን ከሀዘን የጠበቅናት መስሎን ነበር። የጠበቅናት ከእኛው ከራሳችን ነው። በየዓርቡ ክንዷን ስትዘረጋ የምትነካው ነገር አጣች፤ ምን እንደጎደላት ግን አላወቀችም።

ከተመለስኩ በኋላ ባለው ዓርብ ስልኩ ጮኸ። አምስት ወር ሙሉ ስልኩ ሲጮህ ማን ያንሳው እየተባባልን እንተያይ ነበር። ያን ቀን ሮጬ አነሳሁት።

የሺ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትለው «እማዬ አለች?» ነበር። አሁን ዝም አለች። እስትንፋሷ ይሰማኛል። ከኋላዋ ቧንቧ ይፈስሳል።

ምን እንደምላት ስላላወቅሁ ያለውን ነገርኳት። ክረምቱ እንደገባ፣ ጣሪያው በምሥራቅ በኩል እንደሚያፈስ፣ አክስቴ በጫማው እያነከሰች ቅዳሴ እንደሄደች፣ የጎረቤታችን በግ አጥር ዘሎ ጎመናችንን እንደበላ፣ አክስቴም እንደ እማዬ እከሳለሁ ብላ እንደዛተች። ምንም አልዋሸሁም።

ቧንቧው ተዘጋ።

«ከዚያስ?» አለች።

ቀጠልኩላት።